የምሳው ደረሰኝ
(በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ ሲነበብ አንድ መስመር ላይ ስንደርስ አንዳንዶቻችሁ ቀና ብላችሁ እንዳያችሁን አስተውለናል። «ምሳ፣ የቻይና ምግብ ቤት» የሚለው ነው። ነገሩ ከዛሬም በፊት በቡና ላይ ተነሥቷል፤ «ለቁጠባ የተሰበሰቡ ሴቶች ቦሌ ወጥተው ቻይና ምግብ በሉ» ተብሏል። አልከፋንም። ገንዘብ ያዋጣ ሰው መጠየቅ አለበት፤ ሒሳብ የያዝነውም መመለስ አለብን።

ገንዘቡ ከደጋፊዎቻችን ከተሰጠን አልወጣም፤ ቁጠባውም ብድሩም አልተነካም። አርፍዳ የመጣች አባል የምትከፍለው ቅጣት ለብቻው ይጠራቀማል፤ ደንባችንም ይህ ገንዘብ አባላትን ለማቀራረብ እንዲውል ይፈቅዳል። የወጣው ከዚያ ነው፤ ደረሰኙም ከፋይሉ ውስጥ አለ። ቅጣቱ ምሳ ይሆናል ብላችሁ ግን ማርፈድ እንዳትጀምሩ።

የቻይና ምግብ ቤት የመረጥንበት ምክንያት አለን። ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ነን። በየዓመቱ ስንሰባሰብ በሥጋው ምክንያት ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ገበታ ይቀርባል። ማንም በማንም አልተቀየመም፤ የኖርንበት ነው። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ አብረን ቆጥበን የመብሉ ቀን ግማሾቻችን በአንዱ ጥግ፣ ግማሾቻችን በሌላው ጥግ እንቀመጣለን። ሽሮና ምስር አብረን እንበላለን እርግጥ፤ ግን ለሽሮ ማን ከቤቱ ይወጣል? ሥጋ ሳይገባበት እንደ ድግስ የሚበላ ነገር ስንፈልግ አንዷ እህታችን «አትክልቱን ያውቁበታል» ብላ ቻይናዎቹን ጠቆመችን።

12 ሆነን ሄድን። የምግብ ዝርዝሩ ሲመጣ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ይህች እህታችን በስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ ናት፤ ዝርዝሩን ከእጃችን ወሰደችና አስተናጋጁን ትጠይቀው ጀመር። የሚጠበስበት ዘይት የአሳማ ስብ ነው ወይስ የምግብ ዘይት? በአትክልቱ ላይ የዶሮ መረቅ ይጨመራል? ኦይስተር ሶስ አለበት? ወይንስ ያስገቡበታል? ሙስሊም የሆነችም፣ የምትጾምም ሴት ልታውቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኛ ግን ለመጠየቅ እንኳ አናውቃቸውም ነበር። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ ወደ ማድ ቤት ተመላልሶ መልስ አመጣ።

ለ12 ሰው 12 ምግብ እንዳናዝዝም ከለከለችን። የቻይና ምግብ መሐል ላይ ተቀምጦ ሁሉም የሚያነሣው ነው፤ ከእኛ ገበታ ብዙ አይርቅም። 6 ዓይነት ምግብና ሩዝ አዘዝን። ቶፉ ከአትክልት ጋር፣ ደበርጃን በነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን ከደረቅ በርበሬ ጋር፣ ዓሣ፣ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ አትክልት፣ ከሁሉም ያስገረመን ደግሞ እንደ ክር ተቆርጦ በአቼቶ ቶሎ የተጠበሰ ድንች። ድንቹ ሲታኘክ ቅርጭ ይላል። እኛ ድንች ካልፈረሰ በሰለ የማንል ሰዎች ነን፤ መጀመሪያ የደረቀው ሳህን ግን እሱ ነበር። የተረፈው ታሽጎ ለሁለት ቤት እራት ሆነ።

ለወደፊቱ ለምትሄዱ አንድ የሒሳብ ምክር፦ ከማዘዛችሁ በፊት በዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ታክስ የገባበት መሆኑን ጠይቁ። 15 በመቶው ኋላ ሲደመር ያስደነግጣል። አገልግሎት የሚያስከፍሉም አሉ። እኛ ቀድመን ስለጠየቅን ሒሳቡ ሲመጣ አልደነገጥንም፤ ለ12 ስናካፍለው አንዲት ሴት ለብቻዋ ጥብስ ብታዝዝ ከምትከፍለው አላለፈም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከመሐላችን አንዷ «ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?» አለቻት። ዝም አለች። እኛ የምናውቀው ቤይሩት ሱቅ ትሠራ እንደነበር ነው። ሜክሲኮ ስንደርስ «ሱቅ አልነበረም፤ 7 ዓመት ሰው ቤት ነው የሠራሁት» አለች። ከላይኛው ፎቅ ፊሊፒናዊት፣ ከታችኛው የስሪላንካ ሴት ሠራተኞች ነበሩ። እንደ እሷ ሁሉ ቀን የማያርፉ፣ በረንዳ ለበረንዳ የሚነጋገሩ፣ እሑድ ሲፈቀድላቸው አብረው የሚያበስሉ። አንዷ ያደረ ሩዝ በነጭ ሽንኩርት ጠብሳ ቁርስ ማድረግን አሳየቻት፤ ሌላዋ ምስር ክክን በእርድና በኮኮናት ወተት መሥራትን። «ገረድ ነበረች እንዳትሉኝ ብዬ ነው የደበቅሁት» አለች። ይህን የምንነግራችሁ ፈቅዳልን ነው። ስሜን ግን አትጻፉ ብላለች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ በአባላት ቤት እያስተማረችን ነው። የሚቀጥለው ስለ ማድ ቤቱ ነው። የብር ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በመጠን እንነጋገር።

ለ5 ሰው ወጥ ስንሠራ አንድ ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ብርጭቆ የሚጠጋ ዘይት፣ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ እሳት እናወጣለን። በእሷ አሠራር አንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን፣ 3 ካሮት፣ ጥቂት ፎሶልያና ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት ይበቃል፤ እሳቱ 10 ደቂቃ ነው። ሁሉም ከጉሊት የሚገኝ ነው። ሥራው ያለው ቢላዋው ላይ ነው፦ መጥበሻው ከመጣዱ በፊት ሁሉም ነገር በስሱ ተከትፎ ይለቅ። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብቶ ሽታው እንደወጣ ጠንካራው ካሮት፣ ቀጥሎ ፎሶልያው፣ መጨረሻ ጎመኑ። አይከደንም፣ ውኃ አይጨመርም። ብዙ ሰው ካለ በሁለት ጊዜ ጥበሱ፤ መጥበሻው ከሞላ አትክልቱ ውኃ ያወጣና ቅቅል ይሆናል። ለከሰል ምድጃም ይመቻል፤ ከሰሉ ሳይከስም ምግቡ ደርሷል።

ሶያ ሶሱ ውድ ነው ላላችሁ አስልተናል። 500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ15 ሚሊ ሊትር ማንኪያ ሲሰፈር 33 ማንኪያ ነው። ለ5 ሰው 3 ማንኪያ ከበቃ፣ አንድ ጠርሙስ 11 ጊዜ ያበስላል። እሱ ራሱ ጨው ስለሆነ ሌላ ጨው አትጨምሩ። የሰሊጥ ዘይቱን፣ የእንጉዳይ ቆርቆሮውን ተዉት፤ ያለ እነሱም ይጣፍጣል።

ሩዝ ሲበስል ወደ 3 እጥፍ ይከብዳል፤ 1 ኪሎው ለ10 ሰው ይዳረሳል። «ሩዝ የባዕድ ነው» ለሚሉን የፎገራውን እናስታውሳቸዋለን፤ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ገብቶ ዛሬ ገበሬው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል። የመጀመሪያው ቀን ግን አዋርዶናል። ትኩሱን ሩዝ መጥበሻ ላይ ገልብጠን ስናማስል ገንፎ ሆነ፤ ልጆቹ «ቅቤው የታለ?» አሉን። የሚጠበስ ሩዝ መቀዝቀዝና መድረቅ አለበት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ የበሰለ ሩዝ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ። ውጭ ካደረ ሆድ የሚያሳምም መርዝ ይፈጥራል፤ መልሶ ማሞቅም ያን መርዝ አያጠፋውም። ፍሪጅ የሌለን ጠዋት ቀቅለን በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተን ምሳ ላይ እንጠብሰዋለን እንጂ አናሳድረውም።

ቶፉውንስ? ተሳክቶልናል፤ በሦስተኛው ሙከራ። 1 ኪሎ አኩሪ አተር ያድራል፣ በጁስ መምቻ ከውኃ ጋር ይፈጫል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። የወጣው ወተት በደንብ መፍላት አለበት፤ ጥሬው ሆድ ይነፋል። ከእሳት ሲወርድ የሎሚ ጭማቂ በውኃ አቅጥኖ ቀስ በቀስ ማፍሰስ ነው፤ እንደ አይብ ይቋጠራል። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ከላይ ድንጋይ መጫን። መጀመሪያ ሎሚውን አብዝተን ኮመጠጠ፣ ሁለተኛው ቀን ሳይጫን ቀርቶ ፈረሰ። ሦስተኛውን ጠብሰን በአዋዜ በላነው፤ ቻይናዎቹ ቢያዩን ይስቁብን ነበር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሚያድጉ ልጆች ከድንችና ከጎመን ሌላ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ከአባሎቻችን ሁለቱ በጾሙ ወራት ቶፉ ሠርተው ለሰፈር ለመሸጥ የብድር ማመልከቻ አስገብተዋል፤ የወጪ ስሌቱን አብረናቸው እየሠራን ነው።

ቦሌ በየወሩ እንሂድ አንልም። የቅጣቱ ገንዘብ እንደዚያ አይበቃም፤ ባይበቃም ደግሞ ጥሩ ነው፤ በሰዓቱ እየመጣችሁ ነው ማለት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ያበሰለልንን፣ ሳህኑን ሌላ ሰው የሚያጥብልንን ምግብ በአንድ ጠረጴዛ መብላት እንፈልጋለን። ወጪውን በሚቀጥለው ሪፖርት «ሥልጠና» በሚል መስመር እናስገባው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም። ምሳ ነው፤ ምሳ ተብሎ ይጻፋል።

በዚህ ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ዛሬ የተጣደው አንድ ድስት ብቻ ነው፤ ከጓሮ የምትሰሙት ድምፅ የእሷ መጥበሻ ነው። ለመጪው ቅዳሜ ትምህርት የምትመጡ ቢላዋና መክተፊያ ይዛችሁ ኑ፤ ዘይቱ ከማኅበሩ ነው። አሁን እጃችሁን ታጠቡ።