እንጉዳይ በቤት ውስጥ፤ ሙቀት፣ እርጥበትና አየር



ዛሬ የምንነጋገረው እንጉዳይን በቤት ውስጥ ስለ ማብቀል ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር የመጣን ተማሪዎች በትምህርት ያገኘነውን እናንተ በኑሮ ካወቃችሁት ጋር አገናኝተን እናየዋለን።

እንጉዳይ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲደጋገም ከኩይሳ ሥርና ከበሰበሰ ግንድ ላይ ብቅ ይላል። ማንም አልዘራው፣ ማንም አላረመው። ታዲያ በበጋ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም። እንደ ነጭ ክር የቀጠነው አካሉ አፈርና እንጨት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። የሚጠብቀው ሦስት ነገር ነው፤ ልከኛ ሙቀት፣ እርጥበትና ንጹሕ አየር። ክረምት ሦስቱን ባንድነት ይዞለት ይመጣል። እንግዲህ እንጉዳይ በቤት ማብቀል ማለት ትንሽ ክረምት ወደ ቤት ማስገባት ማለት ነው።

የምንናገረው ኦይስተር ስለሚባለው፣ እንደ ጆሮ ስለሰፋው ነጭ ወይም አመድማ እንጉዳይ ነው። ዘሩ ከሚያዘጋጁት ሰዎች ይገዛል። ከዱር ያገኘነውን፣ የማናውቀውን እንጉዳይ ግን አንብላ። መርዛማው ከሚበላው ጋር ይመሳሰላል፤ የብዙዎቹንም መርዝ መቀቀል አያጠፋውም።

ይህ ሥራ ጥንቃቄ የሚፈልግበት ምክንያት አለ። ዘሩ የተገዛው በገንዘብ ነው። ጭዱም ከበሬው አፍ የተነጠቀ ነው። ቤቱ ከጋለ ወይም ከደረቀ ገንዘቡም መኖውም ባንድ ሳምንት ይጠፋል።

በመጀመሪያ ስለ ሙቀት እንናገር። ጭዱ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ሌላው ሻጋታ እንዲሞት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ 1 ወይም 2 ሰዓት ይቆያል። ጨመቅ ሲያደርጉት ጥቂት ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ድረስ ይጠፈፋል። ሲቀዘቅዝ ከዘሩ ጋር ተደባልቆ በላስቲክ ከረጢት ይሞላል። ከረጢቱ በጥቂት ቦታ ይበሳል። ነጩ ክር ጭዱን እስኪሸፍነው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ የሚስማማው ሙቀት ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ብቅል ስናበቅል፣ እርጥቡን ገብስ ሸፍነን ብናቆየው፣ እጃችንን ስንከተው ይሞቃል አይደል? ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽስ ውስጡ እንፋሎት ይተናል አይደል? እሳት ያነደደበት የለም። ሕይወት ያለው ነገር ሲበላና ሲተነፍስ ከራሱ ሙቀት ያወጣል። የእንጉዳዩ ከረጢትም እንደዚሁ ነው። የቤቱ አየር 26 ዲግሪ ቢሆን የከረጢቱ ውስጥ ከዚያ ይበልጣል። ውስጡ 40 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ ዘሩ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከረጢቶቹን እንደ ጆንያ እህል አንከምራቸው። በመደርደሪያ ላይ፣ በመካከላቸው መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ትተን እናስቀምጣቸው። በየቀኑ በእጃችን እንዳስሳቸው።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። ጭዱ ከነጣ በኋላ እንጉዳዩ ብቅ እንዲል ቤቱ ትንሽ መቀዝቀዝ፣ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ መሆን አለበት። አየሩም ሊሸከመው ከሚችለው ውሃ ከ100 እጅ 80 እስከ 90 እጁን መያዝ አለበት። የሞቀ አየር ብዙ ውሃ መሸከም ይችላል፤ የቀዘቀዘ አየር ጥቂት ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ጥዋት ውሃ የጠገበው አየር፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀትር ላይ ይጠማል። የሚጠጣውም ከእንጉዳዩ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ወለሉንና ግድግዳውን ውሃ መርጨት፣ እርጥብ ጆንያም በመስኮቱ ላይ መስቀል ነው። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሸክላ እንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ላቡ በውጪ ሲተን ውስጡን ያበርደዋል። በበጋ ቀን ውሃ መርጨት ያረጥባልም፣ ያቀዘቅዛልም።

በክረምት ግን አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቧል። የረጨነው አይተንም፤ ስለማይተንም አያቀዘቅዝም። ከጣራው ይንጠባጠባል፤ እንጉዳዩም ቢጫ ይሆናል፣ ያዳልጣል፣ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን መስኮት መክፈት ነው። አንዱ ሥራ በጥር መድኃኒት ሲሆን በሐምሌ በሽታ ይሆናል። ስለዚህ በልማድ ሳይሆን አይተን እንርጭ።

ሦስተኛው አየር ነው። እንጉዳይ እንደ እኛው ይተነፍሳል። ዝግ ቤት ውስጥ የገዛ ትንፋሹ ያፍነዋል። ግንዱ ረዝሞ ቀጥኖ ባርኔጣው ካነሰ፣ አየር አጥቷል ማለት ነው። አንድ መስኮት ከታች፣ አንድ መስኮት ደግሞ ከላይ እናብጅ። የሞቀው አየር በላይኛው ሲወጣ ንጹሑ በታችኛው ይገባል። ነፋሱ ግን በቀጥታ እንጉዳዩን አይምታው፤ ጫፉ ደርቆ ይሰነጣጠቃልና።

የአገራችን አየር አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እዚያ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ከቆርቆሮውም ሥር የሣር ኮርኒስ ያስፈልጋል፤ መስኮቱም ፀሐይ ሞቅ ሲል ይከፈታል። እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለው ቆላ ደግሞ የሣር ክዳን፣ የዛፍ ጥላና የሌሊት ነፋስ ይረዳሉ፤ መስኮቱ በሌሊት ተከፍቶ ቀን ገርበብ ይላል።

አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ። ቤቱ በረደ ብላችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር አትዝጉ። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ተኝቶ የሚጠብቀውን ሰው ይገድላል። ለእንጉዳይ ብሎ ነፍስ የሚሰጥ የለም። ለመልቀም ስንገባም አፍና አፍንጫችንን በነጠላ እንሸፍን፤ ከእንጉዳዩ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ያውካል። አረንጓዴ ሻጋታ የያዘ ከረጢት ካየን እዚያው ሳንፈታው ወዲያው አውጥተን ከቤቱ ርቀን እንቅበረው።

ታዲያ ልኩን በምን እናውቃለን? ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን እንስቀል። የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ስስ ጨርቅ ጠቅልለን ጥቂት እናራግብለት። ሁለቱን እናንብብ። ደረቁ 20፣ እርጥቡ 18 ካሉ እርጥበቱ ከ100 እጅ 80 አልፏል፤ መልካም ነው። ልዩነታቸው እየሰፋ ከሄደ አየሩ ደርቋል፤ ውሃ እንርጭ።

የፊደል ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። አንድ ደብተር በበሩ ላይ እናንጠልጥል። ተረኛው እንዲህ ብሎ ይጻፍ፤ «ጥዋት 16፣ ቀትር 24፣ ማታ 19። ቀትር ላይ ወለል ተረጨ።» ምርቱ የሰመረ እንደሆነ ለምን እንደሰመረ፣ የተበላሸም እንደሆነ በየትኛው ቀን እንደተበላሸ ደብተሩ ይነግረናል። «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» የሚለው ጠብም ይቀራል። ጸሐፊ ፍለጋ መሄድ ቀርቶልናል፤ የምንጽፈው እኛው፣ የምናነበውም እኛው ነን።

በ5 ወይም በ6 ከረጢት እንጀምር። በሬውን ሳናስርብ፣ ብድር ሳንገባ እንማርበት። አንዱ ከረጢት በየ1 ወይም በየ2 ሳምንቱ ተመልሶ 2 ወይም 3 ጊዜ ያፈራል። ያለቀው ጭድ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለውይይት፤
1. በሰፈራችን አየሩ ይበልጥ የሚደርቀው በየትኛው ወር ነው?
2. ከረጢቶቹን መከመር ለምን ይጎዳል?
3. በክረምት ውሃ መርጨት ለምን አያቀዘቅዝም?