ከኬረላ ምን እንማር? ትምህርት፣ ጤና፣ ቤትና ሥራ በአንድ የህንድ ግዛት

(በማኅበራችን የምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገሪ» ብለውኛል። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ክልላዊ መንግሥት ነው፤ ያውም የእኛ ስላልሆነ። በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ስለምትገኘው ስለ ኬረላ። ስለ ህንድ ስናገር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ስለ አገራችን ስናገር በእኛው።

ለምን ኬረላ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ታላላቆቻችን ብዙዎቻችሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሯችሁ ህንዶች ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ የመጡት ከዚያች ግዛት ነው። አንዲት ትንሽ ግዛት ከራሷ ተርፎ ለጎንደርና ለደሴ ልጆች የሚበቃ መምህር ከየት አመጣች? ይህ ራሱ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማስታገሻ ሕክምና ሥልጠና ስድስት ሳምንት ኮዚኮድ ከተማ ቆይቼ ነበር። የሄድኩት ሞርፊን በአግባቡ መስጠትን ለመማር ነበር፤ ስመለስ ግን ከሞርፊኑ ይልቅ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ሳስብ ነበር።

ኬረላ ግዛት ሆና የተመሠረተችው በ1956 ነው። ስፋቷ 39 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የአማራ ክልልን ሩብ ያህል ናት ማለት ነው። በ2011 ቆጠራ በዚያች መሬት ላይ 33 ሚሊዮን ሰው ይኖር ነበር። በ1970ዎቹ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከህንድ አማካይ በታች ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሀብታም ሆና አይደለም የጀመረችው።

መጀመሪያ ትምህርት። የዛሬዋ ኬረላ ደቡባዊ ክፍል ድሮ ትራቫንኮር የሚባል የንጉሥ ግዛት ነበር። በ1817 እንደራሴዋ ጎውሪ ፓርቫቲ ባይ የሕዝብን የትምህርት ወጪ መንግሥት ሊሸፍን ይገባል ብለው አወጁ። አዋጁ ግን በዝቅተኛነት የተፈረጁ ወገኖችን ልጆች ትምህርት ቤት አላስገባም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አያንካሊ የሚባሉ ሰው ተነሡ። ራሳቸው ፊደል ያልቆጠሩ፣ ከተናቀው ወገን የተወለዱ ናቸው። የእርሻ ሠራተኞችን አስተባብረው «ልጆቻችን ትምህርት ቤት ካልገቡ እርሻችሁ ዳዋ ይልበስ» በሚል መንፈስ ሥራ አስቆሙ። አስቡት እንግዲህ፤ የዕለት ጉርሱ በእጁ ያልሆነ ሰው ለደመወዝ ብቻ ሳይሆን ለልጁ ፊደል ብሎ ሥራ ሲያቆም!

በ1991 ኬረላ ሙሉ በሙሉ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሕዝብ ያላት ግዛት ተብላ ታወጀች። በ2011 ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 94 ከመቶ ሲሆን የህንድ አማካይ 74 ነበር። እኛም እኮ ዘምተናል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻችን የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ከእነሱ ዘመቻ አሥር ዓመት ቀድመናል። ወላጆቻችን በማታ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ኬረላ ውስጥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በየመንደሩ ትንንሽ ቤተ መጻሕፍት ተስፋፍተው ነበር። አዲስ አንባቢ የሚያነበው ነገር ካገኘ አይረሳም። ጋዜጣ የሚያነብ ገበሬ ደግሞ የጤና ጣቢያውን በጀት ይጠይቃል።

ወደ ጤና የምሻገረውም በዚሁ ነው። በ2020 በኬረላ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት 6 ሲሆኑ በመላው ህንድ 28 ነበሩ። ከ2018 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከ100 ሺህ ወሊድ የሞቱት እናቶች ደግሞ 19 ነበሩ፤ የህንድ አማካይ 97። ይህ በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ የመጣ አይደለም። በኬረላ አንድ ጤና ጣቢያ ሐኪም ሳይኖረው ከሰነበተ ሕዝቡ ሰልፍ ይወጣል፤ ይህን ያጠኑ ሰዎች ከድሮም መዝግበውታል። ማንበብ የምትችል እናት ልጇን ታስከትባለች፤ ክትባት ከጠፋ ደግሞ ለምን ብላ ትጠይቃለች። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ግዛቱ ከልማት በጀቱ ከ35 እስከ 40 ከመቶ ያህሉን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ሰጠ። ሕዝቡ የሚጠይቀው ሰው ጎረቤቱ ሆነ ማለት ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በቤት ለቤት ጉብኝት አንዲት ነርስ ተከትዬ ስወጣ አብረውን የነበሩት የባጃጅ ሹፌር፣ ባለሱቅና ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የነርሷ ደመወዝ፣ መድኃኒቱ፣ የሽንት ቱቦው፣ ቁስል ማሸጊያው ከሠፈሩ በሚሰበሰብ ትንንሽ ገንዘብና ከአካባቢው ምክር ቤት ይሸፈናል። አከርካሪው ተጎድቶ አልጋ ላይ የዋለን ወጣት አየነው። ሹፌሩ ያጥበዋል፣ መምህርቷ የታናሽ እህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ ትጠይቃለች፣ ነርሷ ቁስሉን ታክማለች። በጀርባው የመኝታ ቁስል አልነበረም። እኛ ዋርድ ውስጥ ስንቱን የመኝታ ቁስል እንዳየን ታውቁታላችሁ። ኬረላ በ2008 ይህን አሠራር የመንግሥት ፖሊሲ አድርጋዋለች።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ እድር ነው። እኛም ሠፈር አለን፣ መዋጮ አለን፣ ዳኛና ጸሐፊ አለን፣ ድንኳን አለን። የእኛ እድር ሰው ከሞተ በኋላ ይደርሳል፤ የእነሱ ሳይሞት። በኤች አይ ቪ ዘመን አንዳንድ እድሮቻችን የታመመ ሰው ቤት ለቤት ማስታመም ጀምረው ነበር፤ ስለዚህ የማናውቀው ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ቤት ነው። በ1970 ኬረላ ጭሰኝነትን አስቀረች፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ይኖር የነበረ ሠራተኛም ጎጆው ያረፈበትን ቦታ የራሱ የማድረግ መብት አገኘ። እኛ በ1967 ዓ.ም. ያወጅነውን ስለምናውቅ ይህ እንግዳ አይሆንብንም። ቤት ለሌላቸው የሚሠራ ፕሮግራም በ1972 ጀመሩ፤ መቶ ሺህ ቤት ታቅዶ ሁሉም አልተሠራም። አሁን ደግሞ ከ2017 ወዲህ «ላይፍ ሚሽን» በተባለው ፕሮግራም ከ400 ሺህ በላይ ቤት ተጠናቋል። ርካሽ ቤት እንዴት ይሠራል ለሚለው ሎሪ ቤከር የሚባል እንግሊዝ የተወለደ አርክቴክት በዚያ ኖሮ አሳይቷል። ወደ ህንድ የሄደው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና ቦታዎችን ለመሥራት ነበር፤ ባለቤቱም የኬረላ ሐኪም ነበሩ። ጡቡን በመሐሉ ክፍተት እየተወ በመደርደር ጡብም ወጪም ይቆጥብ ነበር።

«ሐኪም ስለ ቤት ምን አገባት?» የምትሉ ካላችሁ የካላዛር ዋርዳችንን አስታውሱ። ከደጋ ወርደው መተማና ሑመራ ሰሊጥ ለማጨድ የሚሄዱት ወጣቶች ሌሊቱን የሚያድሩት ሜዳ ላይ፣ የግራር ዛፍ ሥር ነው። አሸዋ ዝንቧ የምትነድፋቸውም እዚያው ነው። ሥራ ፍለጋ ሄደው፣ ማደሪያ አጥተው፣ ስፕሊናቸው አብጦ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኛ መርፌ እንሰጣለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ያው ሜዳ ይጠብቃቸዋል። ሥራ፣ ቤትና ጤና በአንድ ሰው አካል ላይ ሲገናኙ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለኝም።

አራተኛው ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ኬረላ ታነክሳለች። እውነቱን ካልነገርኳችሁ ይህ ንግግር ማስታወቂያ ይሆናል። በ2023–24 የሠራተኛ ኃይል ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ከሆኑትና ሥራ ከሚፈልጉት የኬረላ ወጣቶች 29.9 ከመቶው ሥራ አልነበራቸውም፤ የህንድ አማካይ 10.2 ነበር። ከሴቶቹ ብቻ ሲታይ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በ1998 የተጀመረው «ኩዱምባሽሪ» የተባለ የሴቶች የቁጠባና የሥራ ማኅበር ከ4 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት፤ በ1990 ደግሞ የህንድን የመጀመሪያ የቴክኖሎጂ ፓርክ ያቋቋመችው ኬረላ ናት። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ከዱባይ፣ ከሪያድና ከኩዌት በሚላክ ገንዘብ ነው። የተማረ ልጅ አሳድገው፣ ልጁን ለሌላ አገር ይሰጣሉ። ሐኪም ቤት ደጅ ድረስ ቢኖርም ለግል ሕክምና ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊትም ከተማውንም ገጠሩንም ወርሰውታል።

በገልፍ አገሮች ሆስፒታሎች የሠራችሁ ጓደኞቼ ይህን በዓይናችሁ አይታችኋል። የኬረላዋ ልጅ ነርስ ሆና በሠራተኛ በር ትገባለች። የወሎዋ ወይም የጎጃሟ ልጅ የቤት ሠራተኛ ሆና ሄዳ፣ ወድቃ ወይም ተጎድታ በድንገተኛ በር ትገባለች። ሁለቱም ከአገራቸው የወጡት በሥራ እጦት ነው፤ ሁለቱም ለእናታቸው ገንዘብ ይልካሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአእምሮ አይደለም፤ ለትውልዶች የተገነባ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ብቻውን ሥራ አይፈጥርም፤ ግን ሥራ ባጣሽ ቀን በየትኛው በር እንደምትገቢ ይወስናል።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ይህ ግቢ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን ወደ ገጠር እንዲወጡ ነው። የቡድን ሥልጠናችንን፣ ቆላ ድባን፣ ዳባትን የማያስታውስ ማን አለ? በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 67 ሆነዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በሰላም እጦት የተዘጉና የተጎዱ ጤና ኬላዎች እንዳሉ፣ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ወጣት ሐኪሞች እንዳሉም ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪም በጠፋበት አገር ሐኪም ሥራ ያጣል!

ኬረላ በ2021 አንድ ነገር አደረገች። ከድሆቹ ሁሉ ድሆች የሆኑት እነማን ናቸው ብላ በምግብ፣ በጤና፣ በገቢና በቤት መለኪያ ቤት ለቤት ቆጠረች። 64,006 ቤተሰቦች ተገኙ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ዕቅድ ወጣለት፤ ለአንዱ ቤት፣ ለሌላው መድኃኒት፣ ለሌላው መታወቂያ። ኅዳር 1 ቀን 2025 በአውሮፓውያኑ፣ የከፋ ድህነት አብቅቷል ብለው አወጁ። መለኪያው ጠባብ ነው ብለው የተከራከሩ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። እኔን የገረመኝ ግን አቆጣጠሩ ነው። «ድሃው ሕዝባችን» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በስም መቁጠር ግን ያስጠይቃል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የራሳችንን ሰው በስም እንቁጠር። በየዓመቱ ከዚህ ግቢ የሚመረቁት የት ደረሱ? ስንቱ ሥራ አገኘ፣ ስንቱ በሙያው ይሠራል፣ ስንቱ ወጣ? የመጽሔታችን አንድ ገጽ ለዚህ ይሁን። የደመወዝና የምደባ ጥያቄ ይዘን ስንሄድ በቁጥር እንናገር።

ሁለተኛ፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ፈቃደኛ ከሆነ አንድ እድር ጋር የቤት ለቤት ማስታገሻ ሕክምና እንጀምር። አንዲት ነርስ፣ አንድ ቦርሳ፣ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች። የአንድ ዓመት ወጪውን ውጭ ያለነው ብናዋጣው አይከብደንም፤ የእድሩ ሰዎች ደግሞ ጉልበትና ልብ አላቸው። እኔ የነርሷን የመጀመሪያ ሦስት ወር ደመወዝ ችያለሁ።

ሦስተኛ፣ ተማሪ የምናሠለጥንባቸውን ጤና ጣቢያዎች አንርሳ። ስፔሻሊስት የሆናችሁ ሁሉ በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ ብትገኙ፣ ቆላ ያለው ወጣት ሐኪም ብቻውን አይሆንም። ብቻውን ያልሆነ ሐኪም ቶሎ አይለቅም።

የቀረነውም የሄድነውም አንዳችን ሌላችንን የምንወቅስበት ጊዜ ይብቃ። የኬረላ ሰው ተበትኖም ቢሆን ለመንደሩ ቤተ መጻሕፍትና ለመንደሩ ሕመምተኛ ያዋጣል። የእኛ ሰው ለሠርግና ለቀብር ማዋጣት አያቅተውም። በመካከል ላለው ሕይወት እናዋጣ ነው የምለው።