ሳይቃጠል በቅጠል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ እግር ጉዟችን አንድ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አምና በተጓዝንበት ቀን ልጅ የነከሰው የእኔ ውሻ ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ነገሩን ከእኔ ሌላ ሊናገረው የሚገባ ሰው እንደሌለ ገባኝ።

አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ፎቶ ትልክልኛለች። አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ተከራይተው፣ ውሻቸውን ጭነው፣ መንግሥት በሚጠብቃቸው ፓርኮች ሄደው ያድራሉ። ቀን ቀን በእግር ተራራ ይወጣሉ፤ ልጆቿም ብስክሌት ይነዳሉ። አይቼ ቀናሁ። መኪናው ባይኖረን ጫካውና ተራራው አለን፤ እግርም አለን። እኛ የዚህ አገር ሴቶች ማገዶና ውኃ በትከሻችን ተሸክመን ያልሄድንበት መንገድ የለም። ያለ ሸክም፣ ለራሳችን ደስታ ብለን የሄድነው ግን ያን ቀን ነው። ከአሶሳ ወጣ ብለን ቀርከሃው ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘረጋን፤ ቡናም ተጣደ። እኔም እንደ እህቴ ውሻዬን ይዤ ወጣሁ፤ ያለ ማሰሪያ፣ ያለ ክትባት።

አቦሉ ሳይቀዳ አንድ ልጅ በብስክሌት ቁልቁለቱን ወረደ። ውሻ የሚሮጥ ነገር አይቶ ዝም አይልም። ተከተለውና እግሩን ነከሰው። የልጁ እናት ከእኛው ጋር ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ጎረቤቴ ናት።

አንዷ «ሥር የሚያጠጣ አዋቂ አለ» አለች። ሌላዋ ቁስሉን በነጠላዋ ልታስር ተነሳች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነችው አባላችን ግን ሁላችንንም ዝም አሰኝታ የያዝነውን ውኃ በሙሉ አስመጣች፤ ቁስሉንም በሳሙና 15 ደቂቃ አጠበችው። ከዚያ በባጃጅ ወደ ሕክምና ወሰድነው። ልጁም ክትባቱን በየቀጠሮው ተከትቦ ጨረሰ።

እኔ ውሻውን አስሬ 10 ቀን እንድጠብቅ ተነገረኝ። በሲነክስ ጊዜ በሽታው በምራቁ ውስጥ ያለ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታልና ነው። በየማለዳው ምግቡን ይዤ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎረቤቴ አላነጋገረችኝም፤ አልፈረድኩባትም። በ11ኛው ቀን ውሻው ሲበላ በአጥር አይታ ራሷ በሬን አንኳኳች። ሁለታችንም አለቀስን።

እህቶቼ፣ እኛን ያወጣን ዕድል ነው። በዕድል ደግሞ ልጅ አይታደግም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ሰው ላይ የሚደርሰው እስከ 99 በመቶ በውሻ አማካይነት ነው፤ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ውስጥም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ወዲያው ቁስሉን ማጠብና ሳይዘገዩ መከተብ ያድናል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። ከአገራችን በቀር በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ዛሬ የቀረው ከ500 በታች ነው። በሰሜን ተራሮችና በባሌ ያሉ ሰዎች ያውቁታል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በባሌ ወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ያለቁት ከመንደር ውሾች በተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለእኛም ሩቅ አይደለም። ክልላችን ከሚዋሰነው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ አለ። በታንዛኒያው ሰረንጌቲ በ1986 ዓ.ም. ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉን የፈጀው ሌላ የውሻ በሽታ ነበር። ውሻ ይዞ ወደ ጫካ የሚገባ ሰው በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል።

ይህን ለእህቴ ስነግራት ምን አለችኝ? «እኛ ስንሄድ እኮ ውሻው በአጭር ማሰሪያ ነው፤ የክትባት ወረቀቱንም እንይዛለን።» እኔ ፎቶው ላይ መኪናውን እንጂ ማሰሪያውን አላየሁም ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ሦስት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ ይከተብ፤ በየዓመቱም ይደገም። ካልተከተበ ጉዞ አይውጣ። ወደ ፓርክ ስንሄድ ደግሞ ጨርሶ ቤት ይቅር።

ሁለተኛ፣ የተከተበውም ቢሆን ታስሮ ይሂድ፤ ከምንጣፋችንም ይራቅ። ውሻ ከነካቸው ለሶላት እንደገና መታጠብ የሚኖርባቸው እህቶች አሉን፤ እነሱ ተሳቀው የሚውሉበት ጉዞ የጋራ ጉዞ አይባልም። ልጆቻችንንም እናስተምር፦ ውሻ ሲከተላችሁ ከብስክሌቱ ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመካከል አድርጋችሁ ቁሙ፣ አትሩጡ።

ሦስተኛ፣ በየጉዞው ሳሙናና ትርፍ ውኃ የምትይዝ አንዲት ሴት አስቀድማ ትመደብ።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ ድንኳን ልትገዙልን ማሰባችሁን ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዚያ በፊት ግን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዓመት አንድ ቀን ወደ ሠፈራችን የሚመጣበትን ወጪ ተጋሩን። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የእኛ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። የበረዶ ሣጥንና የመኪና ነዳጅ ካገኘን ውሾቹን አሰልፈን የምናመጣው እኛ ነን። እኔ ከቁጠባዬ ድርሻዬን ዛሬውኑ አስመዘግባለሁ።

ዘንድሮም እንሄዳለን። ያ ልጅ ብስክሌቱን ይዞ እንደሚመጣ እናቱ ነግራኛለች። ውሻዬ ተከትቧል፤ ማሰሪያውን ደግሞ የገዛችው እሷው ናት።