በዐይን የማይታየውን አየር ስለ መረመሩ መሐንዲስ
(የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ያሰሙት ንግግር)



መሐንዲስ ማን ነው ብለን ጓደኞቻችንን ብንጠይቅ፥ ድልድይ የሚሠራ፥ መንገድ የሚቀይስ፥ ፎቅ የሚያቆም ነው ይሉናል። እኛም ይህን አንክድም። ዛሬ ግን የምንነግራችሁ የከተማን አየር በመመርመር ዕድሜያቸውን ስላሳለፉ መሐንዲስ ነው። እርሳቸውም የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ፕሮፌሰር ጆን ሳይንፌልድ ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠራቸዋለን።

ነገሩ የሚጀምረው በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። በ1943 በሐምሌ ወር ከተማይቱን ዐይን የሚያቃጥል፥ ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ሸፈናት። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ፥ አንዳንዶች ጠላት መርዝ ለቀቀብን ብለው ጠረጠሩ። ሌሎችም በአንድ ፋብሪካ አመካኙ፤ ነገር ግን ፋብሪካው ለጊዜው ቢዘጋም ጭጋጉ አልጠፋም።

ምሥጢሩን በ1950ዎቹ መጀመሪያ የገለጡት፥ ቀድሞ የአናናስን ሽታ ያጠኑ የነበሩት የኬሚስትሪ ሊቅ ዶክተር አሪ ሃገን ስሚት ናቸው። ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጡት ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዞች የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው ኦዞን እንደሚፈጠር አሳዩ። እንግዲህ ኦዞኑ ከአየር ላይ የሚሠራ እንጂ ከጢስ ማውጫ ተዘጋጅቶ የሚወጣ አይደለም። ከተማይቱ በተራራ የታጠረች ናት፤ ከላይም ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ሲደፋባት ጋዙ መውጫ ያጣል።

ሳይንፌልድ በ1967 ወደዚሁ ተቋም ሲመጡ የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ። ሙያቸው የኬሚካል ምሕንድስና ነው። የዚህ ሙያ ሰው በፋብሪካ ጋን ውስጥ ምን ገባ፥ ምን ተለወጠ፥ ምን ወጣ ብሎ ያሰላል። እርሳቸው ግን የከተማይቱን አየር በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ጋን ቈጠሩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አየሩን እንደ ገበጣ ጉድጓድ በሐሳብ ከፋፈሉት። ከዚያም በእያንዳንዱ ክፍል መኪናው የሚጨምረውን፥ ፀሐይ የምትለውጠውን፥ ነፋስ ወደ ጎረቤቱ ክፍል የሚያሻግረውን በኮምፒዩተር አሰሉ።

ይህ ሁሉ ስሌት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። አንዳንድ ጊዜ የናይትሮጅን ኦክሳይድን ብቻ መቀነስ በከተማው መካከል ኦዞንን ያበዛዋል። ምክንያቱም ከመኪና ትኩስ የሚወጣው ይኸው ጋዝ ኦዞንን የሚበላበት ጊዜ ስላለ ነው። ስለዚህ ሳያሰላ ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ሕዝቡን ብዙ አስከፍሎ ጥቂት ሊጠቅም ይችላል።

ሳይንፌልድ በስሌት ብቻ አልተወሰኑም። ከቴፍሎን የተሠሩ ታላላቅ ከረጢቶችን በአየርና በጋዝ ሞልተው፥ በብርሃን ውስጥ የሚሆነውን ከባልደረቦቻቸውና ከተማሪዎቻቸው ጋር ለኩ። በዚህም ጋዝ ተለውጦ እንዴት እጅግ ደቃቅ ብናኝ እንደሚሆን አስረዱ። ይህ ብናኝ ወደ ሳንባ ጥልቅ ስለሚገባ ከሚታየው አቧራ ይልቅ ያሠጋል። በ1997 ባወጡት ጥናት ደግሞ ከቤንዚን ተን የሚገኘው ብናኝ በዋናው ከአሮማቲክ ክፍሉ እንደሚመጣ አመለከቱ።

የሎስ አንጀለስን አየር ያሻሻለው አንድ ሰው ነው አንልም። የ1970 የአየር ንጽሕና ሕግና ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የተገጠመው ጋዝ ማጥሪያ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ከተማይቱም ዛሬ እንኳ የኦዞንን ወሰን ገና አላሟላችም። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪው የሚይዘው መብራት ከእንዲህ ያለ ምርምር የተለኰሰ ነው።

በ2012 ሳይንፌልድ የታይለርን ሽልማት ከፕሮፌሰር ከርክ ስሚዝ ጋር ተካፈሉ። ስሚዝ የመረመሩት በማገዶ የሚሠራበትን ወጥ ቤት ጢስ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ቤታችን ይገባል። በእንጨትና በኩበት እንጀራ የሚጋግሩ እናቶቻችን ዐይን ለምን እንደሚቀላ የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? ወጥ ቤቱም ትንሽ ጋን ነው፤ የሚገባውና የሚወጣው ይሰላል፤ ምድጃውም ይሻሻላል።

አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፥ ከእንጦጦ ሥር ያለች ከተማ ናት። አገራችን በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ሆኖም ቀድሞ የገቡት አሮጌ መኪናዎች ገና በመንገድ ላይ ናቸው፤ ልጆችም በጢሳቸው መካከል ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ስለዚህ አየሩ ተሻለ ወይስ ባሰ የሚለውን በግምት ሳይሆን በልክ የሚመልስ ሰው ያስፈልገናል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ሒሳብና ኬሚስትሪ ለፈተና ብቻ የምናጠናቸው አይምሰሉን። ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶች ይብዙልን፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ድልድዩን የሚሻገረው ሕዝብ የሚተነፍሰውን የሚለኩም ከዚህ ትምህርት ቤት ይውጡ።