ሕዝብን ለሚያስተባብሩ ሰዎች ስለሚገባ ትምህርት
(በቢዮ አዋሌ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር)



ሰው ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን ሥራ ከባልንጀራው ጋራ ሆኖ እንደሚፈጽመው ለማንም የተሰወረ አይደለም። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ድር ያለ ፈታይና ያለ ገማጅ አያብርም። እንደዚሁም ሕዝብን ለአንድ ሥራ የሚያሰባስብ ሰው፥ ማለት አደራጅ፥ በየመንደሩ ያስፈልጋል። አደራጁ ሳይማር ቢነሣ ሕዝቡን ያደክማል፤ ክፉ ትምህርት ተምሮ ቢነሣ ደግሞ ሕዝቡን ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ንግግር ስለ አደራጆች ትምህርት ነው፤ ይልቁንም ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኅብረተሰብአዊነት ስም ስለ ተሰጠው ትምህርትና ከርሱ ስለሚገኘው ምክር ነው።

ኅብረተሰብአዊነት ማለት፥ ብዙ ሰዎች ደክመው ያፈሩት ሀብት ለብዙዎቹ ጥቅም ይዋል፥ መሬትና የሥራ መሣሪያም በጥቂቶች እጅ ተይዞ ሌላውን ማስገበሪያ አይሁን የሚል ሐሳብ ነው። ቃሉ ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነበር፤ የመተባበር ሥራ ግን አዲስ አልነበረም። የሐረርጌ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ጉዛ የሚባል ልማድ አለው። እርሻው የበዛበት ሰው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ምግቡንና ሆጃውን ያዘጋጃል፤ እነርሱም መጥተው ማሽላውን ይኰተኵቱለታል ወይም ያጭዱለታል፤ በተራቸው ሲጠሩትም እርሱ ሳይቀር ይሄዳል። ደግሞም አፎሻ አለ፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፥ የተቸገረውን የሚረዳ፥ በሠርግና በኀዘን የሚሰበሰብ ማኅበር ነው። በእነዚህ ማኅበሮች ውስጥ መሪው የሚመረጠው በታመነበት ነው፤ ገንዘቡ የሚቈጠረው በሁሉ ፊት ነው፤ ያልመጣውም ሰው ለምን እንዳልመጣ ይጠየቃል። እንግዲህ የገጠሩ ሰው የማኅበርን ትምህርት የጀመረው ከመጽሐፍ አስቀድሞ በሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በ1967 ዓ.ም. ትልቅ ለውጥ መጣ። ታኅሣሥ 11 ቀን መንግሥቱ የኅብረተሰብአዊነትን መንገድ እንደሚከተል ዐወጀ፤ በማግሥቱም የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ። 60,000 ያህል የሚሆኑ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከዚህ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ የሚያደርገው 31ኛው ዐዋጅ ታወጀ። በዚህ ዐዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ገበሬዎችም በ20 ጋሻ፥ ማለት በ800 ሄክታር፥ መሬት ላይ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ተደረገ። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለርስት ሲሰጥ ለኖረ ጭሰኛ ይህ ዐዋጅ ምን እንደ ነበረ ለሽማግሌዎች መንገር አያስፈልግም።

ዘማቾቹም ዐዋጁን ለገበሬው ማስረዳት፥ ማኅበሩን ማቋቋም፥ ፊደል ማስቈጠር ነበረባቸው። ብዙዎቹ ወጣቶች የከተማ ልጆች ስለ ነበሩ ቋንቋውንና ልማዱን ሳያውቁ መጡ። አንዳንዶቹ ከገበሬው ጋራ እየበሉና እየሠሩ ተማሩ፤ አንዳንዶቹ ግን ከመጽሐፍ ያነበቡትን ሁሉ በአንድ ቀን ለመፈጸም ቸኰሉ። በየስፍራው ከባለርስቶች ጋራ ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት ሹማምንትም ጋራ ተጋጩ፤ ከነርሱም የሞቱ አሉ። ይህን ሁሉ ሆኖ ግን ከዚህ በፊት ከዳኛ ፊት ቆሞ ለመናገር የሚፈራ ገበሬ በማኅበሩ ሊቀ መንበርና ጸሓፊ ሆኖ ሲመረጥ፥ ቃለ ጉባኤ ሲያስጽፍና ነገር ሲፈርድ ተገኘ። ዛሬ በገጠር ቀበሌ የሚባለው አስተዳደር ከዚያው ከገበሬዎች ማኅበር የተወለደ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የአደራጆች ትምህርት በመንግሥት እጅ ገባ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ካድሬዎችን የሚያሠለጥን የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። በየመሥሪያ ቤቱ፥ በየፋብሪካውና በየቀበሌው የውይይት ክበብ ተደረገ። በአዲስ ዘመን ጋዜጣም «አብዮታዊ መድረክ» በሚባለው ዐምድ የልዩ ልዩ ወገን ሰዎች በብዕር ተከራከሩ። ለጥቂት ጊዜ ሕዝቡ የሁለቱንም ወገን ነገር ሰምቶ ለመፍረድ ዕድል አገኘ። ነገር ግን ክርክሩ ወዲያው ከብዕር ወደ ጠመንጃ ተዛወረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አንዱ ወገን ሌላውን ሲያሳድድ፥ መንግሥቱም ቀይ ሽብር ሲያውጅ፥ እጅግ ብዙ የተማሩ ወጣቶች አለቁ። ውይይት ይባል የነበረውም አንዱ የሚያነብበት፥ ሌላው የሚያጨበጭብበት ስብሰባ ሆነ። ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በጠላትነት ከተጠረጠረ በዚያ ስፍራ መምህር የለም፤ ተማሪም የለም።

በዚያው ዘመን የተሠራ ሌላ ሥራ ደግሞ አለ፤ እርሱም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው መሠረተ ትምህርት ነው። ትምህርቱ በመጀመሪያ በጥቂት ቋንቋዎች፥ በኋላም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጠ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ በቋንቋው፥ ያን ጊዜ በግዕዝ ፊደል፥ ማንበብ ጀመረ። ስለዚህም ሥራ ኢትዮጵያ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች። በአንዳንድ ስፍራ ግዴታ እንደ ነበረበት፥ የሚነበብ መጽሐፍ በማጣትም ፊደል ቈጥረው የረሱ እንዳሉ አይካድም። ነገር ግን ከልጁ ጋራ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስሙን መጻፍ የተማረው አባት ጣቱን በቀለም ነክሮ ከመፈረም ዳነ። ይህ ዕውቀት ለራሱ ስለ ጠቀመው በፈቃዱ ያዘው።

አሁን ደግሞ የትእዛዙን ወገን ማየት ይገባል። ገበሬው መሬቱን በአንድነት እንዲያርስ የአምራቾች ማኅበር መመሪያ በ1971 ዓ.ም. ወጣ፤ ደረጃዎቹም ማልባ፥ ወልባ፥ ወላንድ ተባሉ። በመልባ ደረጃ መሬቱ አንድ ይሆናል፤ በወልባ ደረጃ በሬውና ማረሻውም ይጨመራል። ማኅበሮቹ ግብር እንዲቀንስላቸውና ማዳበሪያ እንዲቀድምላቸው ተደረገ፤ ሆኖም ያላመነበትን ገበሬ በስብሰባ ብዛትና በማስፈራራት ለማስገባት የተሞከረበት ስፍራ ብዙ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሐረርጌ መንደር ምሥረታ ተጀመረ፤ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ በመስመር በተቀየሰ ስፍራ እንዲሠራ ታዘዘ፤ ከእርሻውና ከከብቱ ግጦሽም የራቀ ብዙ ነበር። እህሉንም ከገበያ ባነሰ ዋጋ በኮታ እንዲሸጥ ተገደደ። ይህን ሁሉ እንዲያስፈጽም የተላከው ያው ኅብረትን የተማረው ካድሬ ነበር።

ፍርዱ የመጣው የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። መንግሥቱ የቅይጥ ኤኮኖሚ መመሪያ ባወጣ ጊዜ፥ ከማኅበሩ መውጣት የሚፈልግ መውጣት ይችላል ተባለ። ወዲያውኑ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበሮች ፈረሱ፤ አባሎቹ መሬቱንና በሬውን ተካፈሉ፤ ብዙዎችም ከተመሠረተው መንደር ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ተመለሱ። ለዓመታት የተሰበከው ትምህርት በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ሲፈርስ፥ ጉዛው ግን አልፈረሰም፤ አፎሻውም አልፈረሰም። ፊደል የቈጠረው ሰው ፊደሉን አልመለሰም። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው፤ ሕዝብ አምኖ የያዘው ነገር ያለ ጠባቂ ይኖራል፤ በትእዛዝ የተያዘው ግን ጠባቂው ዘወር ያለ ቀን ይበተናል።

ይህ የኢትዮጵያ ነገር ብቻ አይደለም። የታንዛንያ መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ አስቀድሞ መምህር ስለ ነበረ ሕዝቡ «ምዋሊሙ» እያለ ይጠራው ነበር፤ እርሱም በስዋሂሊ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1967 ኡጃማ፥ ማለት የቤተሰብነት ኅብረት፥ በፈቃድ እንዲሆን አስተማረ። ከ1973 በኋላ ግን ገበሬውን በግድ ወደ መንደር ማዛወር በመጣ ጊዜ በእርሻው ላይ ጉዳት ደረሰ። በብራዚል ደግሞ ፓውሎ ፍሬሬ የሚባል መምህር በ1963 አንጊኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ለማስነበብ ተነሣ። አስቀድሞ የሕዝቡን ንግግር አዳመጠ፤ ከዚያም የዕለት ኑሯቸውን ቃሎች መርጦ በነርሱ አስተማረ። ቃሎቹን ሲያነቡም ስለ ኑሯቸው ይነጋገሩ ነበር። በ1964 በአገሩ ወታደሮች መንግሥቱን ሲይዙ ታሰረ፤ በኋላም ተሰደደ። ሕዝቡን ጠይቆ ያስተማረ መምህር ሹማምንትን እንደሚያስፈራ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ በቢዮ አዋሌ፥ እንደዚሁም በድሬዳዋ ገጠር በዋሂል፥ በጀልዴሳና በአሰሊሶ፥ ወጣቶችን ለማኅበር ሥራ የሚያሠለጥን መምህር እነዚህን ነገሮች ልብ ሊል ይገባዋል።

አንደኛ፥ ትምህርቱ የሕዝቡ ችግር ካለበት ስፍራ ይጀመር። ስለ ውሃ የሚጨነቅን መንደር ስለ ሩቅ አገር ፋብሪካ በመንገር መጀመር ድካም ነው። ውሃው ከየት ይመጣል፥ ማን ይቀዳዋል፥ በመንገድ ስንት ሰዓት ይጠፋል፥ እርከን ቢሠራ ጎርፉን ምን ያህል ይይዛል ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን።

ሁለተኛ፥ በሕዝቡ ቋንቋ ይሁን። በቋንቋው ያልተነገረውን ነገር ገበሬው በራሱ ይቀበላል፤ በልቡ ግን አይመረምረውም።

ሦስተኛ፥ ያለው ማኅበር ይከበር። አዲስ ስም ያለው ማኅበር ከማቆም በፊት ጉዛው እንዴት እንደሚጠራ፥ አፎሻው ገንዘቡን እንዴት እንደሚጠብቅ አደራጁ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ይማር። ልማድ ሁሉ መልካም ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሴቲቱ ውሃ ተሸክማ ስትመጣ በስብሰባው ድምፅ ከሌላት፥ ይህ ጕድለት በግልጽ ሊነገር ይገባዋል።

አራተኛ፥ ሒሳብ በሁሉ ፊት ይቈጠር። መጻፍና መደመር የሚያውቁ ሰዎች በማኅበሩ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆኑ፥ ማኅበሩ በጊዜ ብዛት የእነርሱ ሀብት ይሆናል። ስለዚህ የሒሳብ ትምህርት ለጸሓፊው ብቻ ሳይሆን ለአባሉ ሁሉ ይሰጥ።

አምስተኛ፥ አይሆንም የሚል ሰው ይደመጥ። በጉባኤ መካከል ተነሥቶ የሚቃወም ሽማግሌ ማኅበሩን ከጥፋት የሚያድነው ቀን ይመጣል። በሐረርጌ መንደሩ ሲሠራ «እርሻችን ይርቀናል» ያለ ገበሬ ሁሉ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ፥ ቤት ሁለት ጊዜ ባልፈረሰ ነበር።

እነዚህን አምስቱን የሚጠብቅ አደራጅ ሥራው የዘገየ ይመስለዋል። ጉድጓዱን ለመቈፈር ሦስት ስብሰባ፥ እርከኑን ለመጀመር አንድ ክረምት ሊፈጅበት ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ ተከራክሮ የቈፈረው ጉድጓድ ሲደፈን የሚጠርገው ራሱ ሕዝቡ ነው። መምህራን ይህን ለወጣቶቹ በትምህርት ቤት ያስተምሩ፤ ሽማግሌዎችም የሆነውን ሁሉ፥ መልካሙንም ክፉውንም ሳይደብቁ፥ ለልጆቻቸው ይንገሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ግን ሃምሳዎቹ ሰዎች ወደው ሲያነሡት ነው።