የጀልባን ኤሌክትሪክ ሞተር ከባትሪ ጋር ስለ ማገናኘት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር፥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጀልባ ሞተር ከባትሪው ጋር በምን ሥርዓት እንደሚገናኝ ነው። ሁለት ሽቦ ማሰር ብቻ ነውና ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በየብስ ላይ እሳት ቢነሣ ሰው ወደ ደጅ ይሸሻል፤ በሐይቅ መካከል ያለ ሰው ግን ወዴት ይሸሻል? ስለዚህ ሽቦውን ከማሰር አስቀድሞ እሳቱ ከምን እንደሚነሣ ማወቅ ይገባል።

ጀልባን በኤሌክትሪክ መንዳት አዲስ ጥበብ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ያኮቢ የተባለ ሊቅ በሩሲያ አገር በኔቫ ወንዝ ላይ በባትሪ ኃይል ጀልባ ነዳ። በ1859 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፕላንቴ እየተሞላ ደጋግሞ የሚያገለግለውን የእርሳስ ባትሪ አወጣ። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ትሩቬ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ከጀልባ ኋላ የሚታሰር የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ በሴን ወንዝ ላይ አሳየ። ዛሬ ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት ትንሽ ሞተር የዚህ ጥበብ ፍሬ ነው፤ ድምፁም ዝግ ያለ ስለ ሆነ ዓሣውን አያስደነግጥም።

ብዙ ሰው፥ «ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ምን ያደርጋል?» ይላል። እውነት ነው፤ 12 ቮልት ደረቅ እጅ ቢነካው ሰውን አይጥልም። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ቮልት ውኃ እንደሚወርድበት ከፍታ ነው፤ አምፔር ግን በቦዩ እንደሚያልፈው የውኃ ብዛት ነው። ከፍታው ጥቂት ሲሆን የውኃ ወፍጮን ለማዞር ብዙ ውኃ ያስፈልጋል። እንዲሁም በ12 ቮልት የሚሠራ ብርቱ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲዞር 50 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን ሁሉ በቀጭን ሽቦ ማሳለፍ ጎርፍን በጠባብ ቦይ እንደ መስደድ ነው።

ምሳሌውን በቍጥር እንመልከተው። ባትሪው ከሞተሩ 3 ሜትር ቢርቅ፥ መሄጃውና መመለሻው 6 ሜትር ሽቦ ይሆናል። ሽቦው ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ቢሆን፥ ከ12ቱ ቮልት 2 ያህሉ በመንገድ ይቀራል፤ 100 ዋት ያህል ኃይልም ሙቀት ሆኖ የሽቦውን ልባስ ሊያቀልጥ ይችላል። ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ግን በመንገድ የሚቀረው የአንድ ቮልት ሢሶ ያህል ነው፤ ሙቀቱም 16 ዋት ገደማ ይሆናል። ወፍራም ሽቦ ዋጋው ይከብዳል፤ ነገር ግን ከጀልባና ከነፍስ አይበልጥም።

ሁለተኛው ጠባቂ ፊውዝ ነው። የሽቦው ልባስ ተልጦ ሁለቱ መዳቦች ቢነካኩ፥ ባትሪው በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ አምፔር ይለቃል፤ ሽቦውም እንደ ፍም ይግላል። ፊውዝ ግን ራሱ ተቃጥሎ መንገዱን ይቆርጣል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ይስማማል። 50 አምፔር ለሚስብ ሞተርና ለዚህ ወፍራም ሽቦ የ60 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። የሚገባበትም ስፍራ የመደመር ምልክት ካለበት የባትሪ ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ነው፤ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለምና። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ ምክንያቱን ፈልጎ ማቃናት ይገባል እንጂ፥ በስፍራው ምስማር ወይም ሽቦ ማግባት ዘበኛውን አባርሮ በሩን ለሌባ እንደ መክፈት ነው።

የማገናኘቱ ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድሞ የሞተሩ ማብሪያ ይጠፋል። ቀዩ ሽቦ በፊውዙ በኩል ወደ መደመር ምልክት ይታሰራል፤ ጥቁሩ ሽቦ በመጨረሻ ወደ መቀነስ ምልክት ይታሰራል። ሲፈታ ግን ጥቁሩ ይቀድማል። ሽቦዎቹን ያለዋወጠ ሰው ሞተሩን ወደ ኋላ ያዞራል፤ አንዳንዱንም ሞተር ያበላሻል። የላላ ማሰሪያም እንደ ቀጭን ሽቦ ይሞቃልና ጠብቆ ይታሰር፤ ዝገቱም ይጠረግ። የብረት መፍቻ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ይገባል። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣልና ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ፥ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሞላ። በጀልባም ላይ ማዕበል እንዳይገለብጠው በሣጥን ውስጥ ይታሰር።

መምህራን ሆይ፤ ይህ ትምህርት ለሐይቅ ዳር ሰዎች ብቻ አይደለም። በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ በቤቱ ያኖረ ገበሬም የሚጠበቀው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችሁ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ፥ ማብሪያው ጠፍቶ፥ የሽቦውን ልባስ በጥንቃቄ እንዲዳስሱ አስተምሯቸው። ሽቦው ቢሞቅ ወይ ቀጥኗል፥ ወይ ማሰሪያው ላልቷል፤ ይህንም ገና በወደብ ሳሉ ያቅኑት።