ሥራና ዕረፍት

ዛሬ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ጥቂት እንነጋገር።

እኛ ገበሬዎች ይህን ነገር ከበሬ ተምረነዋል። በሬ በማለዳ ይጠመዳል፤ ፀሐይ ስትከር ይፈታል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ያመነዥካል። ሳያርፍ ቢነዳ ትልሙ ይጣመማል፤ በማግሥቱም ቀንበር ሲያይ ይተኛል። አንድ ጥማድ መሬት የምንለውም ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰውን ነው። ልኩ ቀድሞ ታውቋል።

ለበሬ ያወቅነውን ልክ ለሰውም እንወቅለት። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በቦሌ ለሚ፣ ድሮ ይታረስ የነበረው መሬት ዛሬ የፋብሪካዎች ቦታ ነው። ብዙ የገበሬ ልጆች እዚያ ልብስ ይሰፋሉ። የደከመ ዓይን ጨርቅና ጣት አይለይም። የተበላሸ ስፌትም ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ታዲያ ደክሞ መሥራቱ ምን ጠቀመ?

ሕጉም ልክ አበጅቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። በየሳምንቱም ከ24 ሰዓት ያላነሰ፣ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ፊደል ቆጥረናልና ይህን አንብበን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

ማታ ስናነብም እንዲሁ ነው። አንድ ገጽ ልብ ብለን እናንብብ፤ ዓይናችንን እናሳርፍ፤ ከዚያ እንመለስ። ስንሠራ ከልባችን እንሥራ፤ ስናርፍም ከልባችን እንረፍ።